ስለ ጥንት ንዋየ ቅድሳት ጥበቃ

ሰው አባቱ ያወረሰውን እርሻ ድንበሩን ዐውቆ ይጠብቃል፤ ቢወሰድበትም ዳኛና ምስክር አለው። ዳሩ ግን አባቶች ለሁሉ ብለው ያቆዩት ቅርስ የሁሉ በመሆኑ ጠባቂው ማን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል።

የቀደሙት ሰዎች ይህን ተመልክተው ሥርዐት አበጅተው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ንዋይ በዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ ኀላፊውም ገበዙ ነው። መስቀሉ፥ ጽናው፥ ጻሕሉ፥ መጽሐፉ ስንት እንደ ሆነ በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፋል፤ የሰረቀና የፋቀም ውጉዝ ይሁን ተብሎ ይታሰራል። ስለዚህ ብዙ የብራና ወንጌል የደብሩ መዝገብ ጭምር ሆኖ ይገኛል።

ነገር ግን መዝገብ ብቻውን ኀይልን አያግድም። በ1860 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ባረፉ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በረበረ፤ በመቶ የሚቈጠሩ መጻሕፍት፥ ጽላትም ሳይቀሩ ባሕር ተሻገሩ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓመተ ምሕረት ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው አንድ ክብረ ነገሥት አስመለሱ፤ የቀረው ግን በዚያው ዘገየ።

ከተወሰዱት ጽላት አንዱ በስኮትላንድ፥ በኤዲንብራ ከተማ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የዚያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ቀድሞ በኢትዮጵያ ኖረው ስለ ነበር ባዩት ጊዜ ምን እንደ ሆነ ለዩ፤ ማንም ሳያስገድዳቸው ነገሩን ገለጡ፤ ጽላቱም በ1994 ዓመተ ምሕረት ወደ አገሩ ገባ። እኒህ ሰው ስለዚህ ሥራ ደመወዝ አልተቈረጠላቸውም፤ ማወቃቸውና መታመናቸው ግን ከብዙ ዘበኛ በለጠ።

በአገር ውስጥም ጥፋት አልቀረም። በላሊበላ፥ በቤተ መድኃኔ ዓለም የነበረው፥ ሕሙማን የሚዳሰሱበት አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል በ1989 ዓመተ ምሕረት ተሰረቀ። አንድ የቤልጅግ ሰው ገዝቶት ተገኝቶ በ1993 ዓመተ ምሕረት ተመለሰ። ይህ መስቀል ስሙም መልኩም በዓለም የታወቀ ነበር። ስሙ ያልተነገረ፥ ሥዕሉ ያልተነሣ የአንድ ገጠር ደብር መስቀል ቢጠፋ ግን ይህ የኛ ነው ብሎ የሚያስረዳ በምን ያስረዳል?

እንግዲህ የአጥቢያው ሕዝብ፥ ሽማግሌውም ወጣቱም፥ በፈቃዱ ገበዙን ሊረዳ ይገባዋል። ንዋዩን በምስክር ፊት ቈጥሮ መጻፍ፥ ልኩንና ፎቶግራፉን መያዝ፥ ግልባጩን በሌላ ስፍራ ማኖር፥ በንግሥ ቀን የወጣው ሁሉ መመለሱን ማየት፥ ጣራው እንዳያፈስ ብራናውንም አይጥ እንዳይበላው መመልከት፥ ይህ ሁሉ ወርቅ አይጠይቅም፤ ትጋት ብቻ ይጠይቃል። ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቈፍር የጥንት ነገር ያገኘም በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 እንደሚያዝዘው ያስታውቅ እንጂ አይሸሽግ፥ አይሽጥ።

ይህን የሚያደርግ ሰው ሹመት ባይቀበልም በሥራው ገበዝ ነው።