ቀላል ቃጠሎ ጠባሳ እንዳይተው

ጀበና ሲገነፍል ወይም የምጣድ እንፋሎት ክንድ ሲለበልብ፣ በየቤታችን መጀመሪያ የሚፈለገው የጥርስ ሳሙና ነው፡፡ እሱ ከጠፋ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም ሊጥ ይመጣል፡፡ እኔ የሕግ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ማስረጃ መጠየቅ ግን ሙያዬ ነው፡፡ ለእነዚህ ማስረጃ የለም፡፡ ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቆዳውን ይቆጠቁጣሉ ወይም ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ፡፡

ማስረጃ ያለው ውኃ ነው፡፡ ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቀው፣ የተቃጠለው ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ያፍስሱ፡፡ ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ከጀሪካን በጆግ እየቀዱ ማፍሰስም ይሠራል፡፡ አደጋው በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ይጠቅማል፡፡ በረዶ ግን ቆዳውን መልሶ ይጎዳል፡፡

ጠባሳን የሚወስኑት የቃጠሎው ጥልቀትና ቁስሉ ለመዳን የሚፈጅበት ጊዜ ናቸው፡፡ ስለዚህ ውኃ የቋጠረውን አያፈንዱ፤ ቫዝሊን ቀብተው በማይጣበቅ ንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑት፡፡ ቆዳው ከገጠመ በኋላ በየቀኑ ቅባት ይቀቡት፣ ለወራትም ከፀሐይ ይከልሉት፡፡ ጠባሳው ማበጥ ከጀመረ የሲሊኮን ጄል ይረዳል፡፡

ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ፣ ከኤሌክትሪክ ወይም ከኬሚካል ከመጣ፣ ወይም ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው፡፡ በ2 ሳምንት ያልዳነ ቁስልም እንደዚሁ፤ ጠባሳ የሚተወው በአብዛኛው እሱ ነውና፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው፡፡