አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ፤ ከድል በኋላ የመጣው መለያየት

ከስታዲየም ተነሥቶ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣ ሰው የሰፈሩን ስም ዘወትር ይጠራል፤ ከወዴት እንደ መጣ ግን እምብዛም አይጠይቅም። ስሙ የኢጣልያ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ያሠራበት የነበረው ድርጅት መጠሪያ «ካዜ ኢንቺስ» በሕዝብ አፍ ተለውጦ የቀረ ነው። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈርሰዋል፤ ስሙ ግን አለ። የአምስቱ ዓመት ወረራ እንደዚሁ ሳይፈርስ የቀረ ሌላ ነገር ትቶልን ሄዷል፤ ይኸውም በነጻነት ማግሥት በአርበኛ፣ በስደተኛና በባንዳ መካከል የታየው መለያየት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ነገር ከአየርላንድ ታሪክ ጋር እያነጻጸርን ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

አየርላንዶች በ1908 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ በእንግሊዝ ላይ ተነሡ፤ ከ1911 እስከ 1913 ዓ.ም. ደግሞ የደፈጣ ውጊያ አደረጉ። ኅዳር 27 ቀን 1914 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ለአየርላንድ የራሷን መንግሥት ሰጣት፤ ነገር ግን የምክር ቤቱ አባሎች ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነታቸውን በመሐላ እንዲገልጹ አስገደደ፤ ሰሜኑም ክፍል ተለይቶ ከእንግሊዝ ጋር እንዲቀር በር ከፈተ። ምክር ቤቱ ውሉን በ64 ድምፅ በ57 ተቃውሞ አጸደቀ። ወዲያው በአንድ ጉድጓድ አብረው ያደሩ ተዋጊዎች ተለያዩ። ከሰኔ 1914 እስከ ግንቦት 1915 ዓ.ም. እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ ውሉን ከፈረሙት አንዱ ማይክል ኮሊንስ በነሐሴ 1914 ዓ.ም. በወገኖቹ ጥይት ወደቀ፤ አዲሱም መንግሥት ከ70 በላይ የሆኑ የቀድሞ ጓዶቹን በሞት ቀጣ።

ሁለቱ አገሮች አንድ ናቸው አንልም። አየርላንድ በባዕድ እጅ የኖረችው ብዙ መቶ ዓመት ነው፤ የእኛ አገር የተወረረችው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው። ሆኖም ጥያቄው አንድ ነው፤ ጠላት ሲወጣ ድሉ የማን ነው?

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ አብረው ተሰደዱ፤ ሌሎቹ ጫካ ገቡ፤ ሌሎቹም ለኢጣልያ አደሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሦስቱም ወገኖች በአንድ አደባባይ ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ፤ ይህም ብዙ ደም አድኗል። መንግሥት ግን ጸሐፊና አስተዳዳሪ ያስፈልገው ነበር፤ ፊደል የቈጠሩት የሚበዙት ከስደት በተመለሱትና በኢጣልያ ዘመን በሥራ በቈዩት ዘንድ ነበረ። ከስደት የተመለሱት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ ከሹማምንቱ ሁሉ ኀያል ሆኑ። አርበኛው አምስት ዓመት በዱር ኖሮ ሲመለስ ከቢሮው በር ያገኘው ስደተኛውን፣ አልፎ አልፎም ባንዳውን ነበረ።

የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነገር ከሁሉ ይልቅ መራራ ነው። ከዝቅተኛ ቤተ ሰብ ተነሥተው የምሥራቅ ጎጃምን ብዙ ክፍል ከጠላት ያስከበሩ ሰው ነበሩ። ከድል በኋላ የተሰጣቸው ግን የደጃዝማችነት ማዕርግና የቢቸና አገዛዝ ሲሆን፣ ከእሳቸው በላይ የተሾሙት በዘር የሚበልጧቸው ነበሩ። ቅሬታው አድጎ ከመንግሥት ጦር ጋር ተጋጩ፤ ተይዘው ተፈረደባቸው፤ ከእስር ለማምለጥ ስለ ሞከሩም በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ ለኢጣልያ አድረው የነበሩት ልጅ ማሞ ኃይሉ ናቸው። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን ተሰቀሉ።

አርበኞች ሁሉ ተገፉ ብንል ግን እውነቱን እናዛባለን። የሸዋው አርበኛ ራስ አበበ አረጋይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ዛሬ ዩኒቨርሲቲያችን በሚገኝበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እስከ ተገደሉበት ቀን ድረስ በከፍተኛ ሹመት ኖረዋል። በአንጻሩ የንጉሠ ነገሥቱን ስደት አጥብቀው የተቃወሙት ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ሲሾሙና ሲታሰሩ ኖረው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ከፖሊስ ጋር ሲታኰሱ ሞቱ። የጎጃሙ ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህም በ1943 ዓ.ም. በሤራ ተከሰው ታሰሩ።

እንግዲህ በእኛ አገር ስለ ምን እንደ አየርላንድ ያለ የእርስ በርስ ጦርነት አልሆነም? አንደኛ፣ አርበኞች በየአውራጃቸው የተከፋፈሉ ስለ ነበሩ በአንድ ቃል አልተነሡም። ሁለተኛ፣ ዘውዱ ማዕርግና መሬት እየሰጠ ብዙዎችን አቅርቧል። ሦስተኛ፣ የሚከራከሩበት መድረክ አልነበረም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል ለእንግሊዝ አማካሪዎችና ወታደሮች ሰፊ ሥልጣን ሲሰጥ፣ እንደ ደብሊን ድምፅ የሰጠበት የለም። የሕዝብ ምርጫ የመጣው ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው፤ የፖለቲካ ማኅበርም አልተፈቀደም።

ልዩነቱ በፍጻሜው ይታያል። በአየርላንድ ጦርነት የተሸነፈው ወገን መሪ ዴ ቫሌራ በ1924 ዓ.ም. በምርጫ አሸንፎ መንግሥቱን ከቀድሞ ጠላቶቹ እጅ በሰላም ተረከበ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆሞ የመንግሥታት ማኅበር ውሉን እንዲያስከብር የተናገረውም ይኸው ሰው ነው፤ አገሩም ኢጣልያን ከሚቀጡት ጋር ተሰለፈች። በእኛ ዘንድ የተከፋው አርበኛ በምርጫ የሚመለስበት በር ስላልነበረው ቅሬታው ወደ ሤራ፣ ወደ እስር ቤትና ወደ መስቀያ ሄደ።

ስለዚህ ጦርነት ስላልሆነ ዕርቅ ሆኗል ማለት አይቻልም። የሚያዝያ 27ን በዓል ስናከብር የድሉን ባለቤቶች ሁሉ፣ የተሾሙትንም የተሰቀሉትንም፣ በአንድነት ልናነሣ ይገባናል። በየአውራጃው ያሉ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይረሱ መዝግቦ ማቈየት የእኛ የተማሪዎች ሥራ ነው እንላለን።