የሩማቲክ የልብ ሕመም፦ ከልየታው በፊት መርፌው

ሩማቲክ ትኩሳት በበለጸጉት አገሮች ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች፣ በደቡብ እስያና በፓስፊክ ደሴቶች ግን ዛሬም የልጆችን ልብ ይጎዳል። መነሻው ግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው፤ እኛ ዘንድ «ቶንሲል ነው» ተብሎ በጨው ውኃ የሚታለፈው ዓይነት። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ ባክቴሪያውን ሊመክት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ዞሮ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። የመገጣጠሚያው እብጠት ይድናል፤ በሚትራል ቫልቭ፣ ማለትም በአንዱ የልብ በር ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አይድንም፤ የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው።

በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በካምቦዲያና በሞዛምቢክ ተማሪዎችን መርምሮ ነበር። በማዳመጫ ብቻ ሲታዩ ከ1,000 ልጆች ሕመሙ የተገኘባቸው ሁለት ያህሉ ናቸው። በልብ አልትራሳውንድ ሲታዩ ቁጥሩ በካምቦዲያ 21.5፣ በሞዛምቢክ 30.4 ሆነ። ምልክት ያላሳየውን ልጅ ማከም ይጠቅም እንደሆነ ግን በወጉ የተፈተነው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በሰሜን ዩጋንዳ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመው በዚህ ጥናት ሕመሙ በአልትራሳውንድ የተገኘባቸው 818 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወጉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው ከተወጉት 0.8፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ናቸው።

ብዙዎች ይህን ለልየታ ዘመቻ፣ ማለትም ምልክት የሌላቸውን ልጆች በአልትራሳውንድ መርምሮ ለመለየት፣ ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ የማነበው ለመርፌው ማስረጃ አድርጌ ነው፤ ልጆቹ ቀጠሯቸውን ሳያቋርጡ የተወጉት ጥናቱ በቅርብ ስለ ተከታተላቸው ነውና።

መርፌው ደግሞ ቀላል አይደለም። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ወፍራም፣ ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ በደንብ ካልተናጠ መርፌውን ይደፍናል፤ ጡንቻ ውስጥ በዝግታ ካልተሰጠም ሕመሙ ይበረታል። ከመርፌው በኋላ የሚያጋጥም ድንገተኛ ሞት፣ ጥቂትም ቢሆን፣ የጤና ባለሙያውን ጭምር ያስፈራል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ አንዳንዱ ሞት ከአለርጂ ይልቅ ከተዳከመ ልብ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሞ፣ ቫልቫቸው ክፉኛ ለተጎዳ ሕሙማን የሚዋጥ ፔኒሲሊን መርጧል። ይህ ምክር እስከ ጤና ጣቢያ ካልወረደ ፍርሃቱ መርፌው የሚጠቅመውንም ልጅ ከመርፌው ያስቀረዋል።

በ2015 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የተቀበሉት የአዲስ አበባ መግለጫ የቤንዛቲን አቅርቦት እንዲረጋገጥ ጠይቋል። አልትራሳውንድ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ የአካባቢውን ጤና ጣቢያ ይጠይቅ፦ መድኃኒቱ አለ? የሚወጋስ ባለሙያ አለ?