የሶፍትዌር የተጠቃሚ መመሪያ አጠቃቀም፦ የኮምፒዩተር ሙያ ለሌላቸው ተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

መንግሥታዊ አገልግሎቶች በኢንተርኔት መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ ከብዙዎቹ አገልግሎቶች ጋር «የተጠቃሚ መመሪያ» የተሰኘ ሰነድ አብሮ ይወጣል። ሰነዱ ብዙውን ጊዜ በፒዲኤፍ የተዘጋጀ፣ የማያ ገጽ ምስሎች የበዙበት፣ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ይህ ማብራሪያ የኮምፒዩተር ሙያ የሌላቸው ተገልጋዮች በዚህ ሰነድ ተጠቅመው ጉዳያቸውን ያለ ስሕተትና ያለ አላስፈላጊ ወጪ እንዴት ሊፈጽሙ እንደሚችሉ ይገልጻል።

«መመሪያ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «መመሪያ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው አዋጅንና ደንብን ለማስፈጸም ሥልጣን በተሰጠው አካል የሚወጣ ሕግ ሲሆን፣ በፌዴራል ደረጃ አወጣጡ በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይመራል። በአገልግሎት መስኮት ፊት «መመሪያው አይፈቅድም» የተባለ ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ነው። የተጠቃሚ መመሪያ ግን ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መግለጫ ብቻ ነው፤ መብት አይሰጥም፣ ግዴታም አይጥልም። በመግለጫው የሰፈረ የክፍያ መጠን ወይም ተፈላጊ ሰነድ በሥራ ላይ ካለው ሕግ ጋር የማይስማማ ከሆነ የሚጸናው ሕጉ ነው። በሌላ በኩል፣ ሰነዱ እንደ ሕግ ከፍርሃት ጋር መነበብ የለበትም። ያልገባዎትን ገጽ ቢያልፉ የሚጎድልብዎ መብት የለም።

ሰነዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ያስፈልጋልን?

አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ካሮልና ሜሪ ቤዝ ሮሰን የተባሉ የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪዎች አዲስ የኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች መመሪያ ማንበቡ ጊዜ ሊቆጥብላቸው ሲችል እርሱን ትተው በቀጥታ ወደ ሥራ እንደሚገቡ ጽፈዋል። ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ንግድ ፈቃዱን ለማደስ የመጣ ሰው ዓላማው ማደስ እንጂ ሶፍትዌር መማር አይደለም። ችግሩ በከፊል የአዘጋጆቹም ነው፤ ብዙ መመሪያዎች የሚጻፉት ሥርዓቱን በሠሩት ባለሙያዎች በመሆኑ ምዕራፎቻቸው የተገልጋዩን ጥያቄ ሳይሆን የሶፍትዌሩን ዝርዝር ተከትለው ይደረደራሉ።

ስለዚህ ወደ ሰነዱ ጥያቄ ይዘው ይግቡ። ጉዳይዎን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ለምሳሌ «የጠፋብኝን የምስክር ወረቀት ምትክ ማውጣት እፈልጋለሁ» ብለው። ከዚያ በማውጫው ውስጥ «ምትክ» የሚለውን ይፈልጉ። በፒዲኤፍ ሰነድ በቃል ፍለጋ ሲጠቀሙ የአማርኛ ሞክሼ ፊደላት እንቅፋት ይሆናሉ። ለኮምፒዩተር «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ» የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ አጻጻፍ ውጤት ካላመጣ በሌላው ይሞክሩ፤ ወይም ሞክሼ ፊደል የሌለበትን የቃሉን ክፍል ብቻ ይጻፉ። ወረቀቱ በስካነር ተነሥቶ የተጫነ ከሆነ ደግሞ ገጹ ምስል ስለሆነ ፍለጋው አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያገኝም።

በቅድሚያ የሰነዱን የመጀመሪያ ገጽ ተመልክተው የወጣበትን ቀንና የእትሙን ቁጥር ያረጋግጡ። ሥርዓቱ ከተሻሻለ በኋላ የቆየ መመሪያ በኢንተርኔት ላይ ተሰራጭቶ ሊቀር ይችላል። ምስሉና በስልክዎ ላይ የሚያዩት ካልተመሳሰሉ የቁልፉን ቀለምና ቦታ ሳይሆን በላዩ የተጻፈውን ቃል ይከተሉ።

ሳይታለፉ ሊነበቡ የሚገባቸው ክፍሎች

«ቅድመ ሁኔታዎች» ወይም «መሟላት ያለባቸው» በሚል ርዕስ የሚቀርበው ክፍል ሁልጊዜ ሊነበብ ይገባል። ተፈላጊ ሰነዶች፣ የፋይል ዓይነትና መጠን የሚገለጹት በዚያ ነው። መመሪያው «ከ1 ሜጋባይት ያልበለጠ» ካለ፣ በዘመናዊ ስልክ በቀጥታ የተነሣ ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ስለሚበልጥ አስቀድሞ መጠኑን ማሳነስ ያስፈልጋል። የኮከብ ምልክት (*) ያለበት ሳጥን ሳይሞላ መቀጠል አይቻልም።

ከዚህ ሌላ ተገልጋዩ የሚሳሳተው ባልገቡት ቃላት ሳይሆን ያወቃቸው በሚመስሉት ነው። «ይጫኑ» የሚለው ትእዛዝ በአማርኛ መመሪያዎች ውስጥ ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ቁልፍን መንካት፣ መተግበሪያን በስልክ ላይ ማኖር፣ ሰነድን ወደ ሥርዓቱ መላክ። የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎ ከፊቱ ያለው ስም ነው፤ «ቁልፉን ይጫኑ»፣ «መተግበሪያውን ይጫኑ» እና «የልደት ምስክር ወረቀቱን ይጫኑ» አንድ አይደሉም። «ያስገቡ» የሚለውም እንዲሁ በሳጥን ውስጥ ቁጥር መጻፍንም ማመልከቻን ማቅረብንም ያመለክታል። በተለይ «አስቀምጥ» እና «አስገባ» መለየት አለባቸው። የተቀመጠ ማመልከቻ ረቂቅ ነው፤ እስኪገባ ድረስ መሥሪያ ቤቱ አልተቀበለውም፣ የጊዜ ገደቡም መቁጠሩን ይቀጥላል። ማመልከቻው እንደቀረበ የሚያረጋግጥልዎ የማመልከቻ መለያ ቁጥር ነው፤ እርሱን ሳያዩና ሳይመዘግቡ ገጹን አይዝጉ።

የቀን አቆጣጠር

በቅጹ ላይ የሚጠየቀው ቀን በኢትዮጵያ ወይስ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር እንደሆነ መመሪያው ሊገልጽ ይገባል፤ ካልገለጸም የወራቱ ስም ያመለክታል። በልማድ «ስምንት ዓመት መጨመር» የሚባለው ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ የሦስተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ልዩነት ሰባት ዓመት ነው። ጥቅምት 20 ቀን 1985 የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኦክቶበር 30 ቀን 1992 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ጥር 20 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 28 ቀን 1993 ነው። ከሌላ ሰነድዎ ጋር በአንድ ዓመት የሚለያይ የልደት ቀን የማንነት ጥያቄ ያስነሣል፤ ለማረምም ማስረጃ ማቅረብ ይጠይቃል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «እስከ 23፡59» የተባለ ገደብ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ማለት ነው።

ስምና መለያ ቁጥር

በብዙ የአገራችን ቅጾች የመጀመሪያው ሳጥን የራስ፣ መካከለኛው የአባት፣ የመጨረሻው የአያት ስም ይጠይቃል። በውጭ አገር የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በሚኖሩበት አገር ሰነድ የአባታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለተመዘገበ፣ እንዲህ ያለ ቅጽ ሲሞሉ የትኛው ሰነድ መሠረት እንደሚሆን ከመመሪያው ማረጋገጥ አለባቸው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስም በድምፅ አይጻፍም፤ ከፓስፖርት ወይም ከሌላ የቀድሞ ሰነድ ፊደል በፊደል ይገለበጣል። «ፀሐይ» የሚለው ስም ብቻውን በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ አለው።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የሚጠይቁ መመሪያዎች ሁለት ቁጥሮችን ሊጠቅሱ ይችላሉ። አንደኛው ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር (ፊን) ሲሆን፣ ሌላው በእርሱ ፈንታ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚውለው ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ ቁጥር (ፋን) ነው። ሥርዓቱ ቁጥሩን አልቀበልም ካለ መጀመሪያ አሃዞቹን ይቁጠሩ።

ሥርዓቱ ስሕተት ሲያሳይ

ክፍያ ላይ ገጹ ከቆመ የክፍያውን ቁልፍ ደግመው አይንኩ። በቅድሚያ ከባንክዎ ወይም ከሞባይል ገንዘብ አገልግሎትዎ የደረሰዎትን አጭር መልእክት ይመልከቱ፤ ገንዘቡ ከሂሳብዎ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ለድጋፍ ሲያመለክቱ «አልሠራ አለኝ» ከማለት ይልቅ በማያ ገጹ የወጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጠው ወይም ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከማመልከቻ ቁጥሩ ጋር ይላኩ። ባለሙያው ምክንያቱን የሚያገኘው በእነዚህ ነው። መመሪያው ራሱ ስሕተት ካለበትም የገጹን ቁጥር ጠቅሰው ማሳወቅ ይችላሉ።

በሌላ ሰው ሲረዱ

ብዙ ተገልጋዮች መመሪያውን ራሳቸው ከማንበብ ይልቅ በልጆቻቸው፣ በጎረቤት ወይም በኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ ይታገዛሉ። ይህ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም አንዱ መመሪያውን ጮክ ብሎ እያነበበ ባለጉዳዩ ራሱ ስልኩን ቢይዝ ሥራው ይቀላል። ጉዳት የሚመጣው አካውንቱ በረዳቱ ስልክ ቁጥርና ኢሜይል ሲከፈት ነው። የይለፍ ቃል ሲረሳ ማደሻው የሚላከው ለተመዘገበው አድራሻ በመሆኑ ባለጉዳዩ የገዛ ማመልከቻውን መክፈት ያቅተዋል፤ የማመልከቻው ውሳኔም ለሌላ ሰው ይደርሳል። የራስዎ ኢሜይል ከሌለዎት አስቀድመው በስምዎ ያስከፍቱ፤ የይለፍ ቃሉን ራስዎ ይጻፉ። በአጭር መልእክት የሚደርስዎትን የአንድ ጊዜ የማረጋገጫ ቁጥርም በሳጥኑ የሚጽፉት እርስዎ ነዎት። ይህን ቁጥር በስልክ ደውሎ የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ቢልም እንኳ፣ ሊሰጠው አይገባም።