ነጂ፦ ዕቃውን በቋንቋው የሚያዘው ፕሮግራም

ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች በአንዱ ተራ ይዤ ነበር። ልጁ አዲስ ያመጣውን ፕሪንተር ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቷል፤ መብራቱ በርቷል፣ ወረቀትም ጎርሷል፣ ቢያዙት ግን አይሰማም። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሳፈሩ አንዲት እናት «ተበላሽቶ ነው?» አሉት። «አይ ማዘር፣ ድራይቨር የለውም» አለ። «ድራይቨር ሹፌር አይደለም እንዴ? ለዕቃ ደግሞ ሹፌር ምን ያደርግለታል?»

ጥያቄያቸው አብሮኝ ወጣ። የተሳሳቱት እርሳቸው አይደሉም፤ ቃሉን ሳናስረዳ የተዋስነው እኛ ነን። ድራይቨር በስርዓተ ክወናው፣ ማለትም በዊንዶውስ ወይም በሊኑክስ፣ እና በአንድ መሣሪያ መካከል ቆሞ የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ስርዓተ ክወናው «ይህን ገጽ አትም» ይላል፤ ድራይቨሩ ትእዛዙን ያ ፕሪንተር ወደሚያውቃቸው ምልክቶች ይለውጠዋል።

በአማርኛ «ነጂ» እንበለው እላለሁ። ሹፌር ሲባል መሪ የጨበጠ ሰው ይታየናል፤ ነጂ ግን መኪና ከመምጣቱ በፊት የነበረ ቃል ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል ጭነት ያዘሉ አህዮችን የሚነዳ ሰው ጭነቱ የራሱ ላይሆን ይችላል። ዕውቀቱ፣ ባለ ጭነቱ «እዚያ አድርስልኝ» ያለውን እንስሳው በሚገባው ድምፅ መንገር ነው። ለአህያ የሚባለው ለበሬ አይባልም። «አስተርጓሚ» የሚለውንም አስቤበት ነበር፤ ነገር ግን በኮምፒዩተር ትምህርት ያ ስም ለሌላ ዓይነት ፕሮግራም ይፈለጋል።

ታዲያ ኮምፒዩተሩ የትኛው ነጂ ለየትኛው ዕቃ እንደሚሆን በምን ያውቃል? በታርጋ ነው ብል ከእውነቱ አልርቅም። በዩኤስቢ የሚሰካ ዕቃ ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ መጀመሪያ የሚነጋገርበት አንድ የጋራ ቋንቋ አለው። ሲሰካ ኮምፒዩተሩ ከ1 እስከ 127 ካሉት አድራሻዎች አንዱን ይሰጠውና «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ዕቃው በ18 ባይት መልስ ይሰጣል። በመልሱ ውስጥ የአምራቹ ቁጥርና የምርቱ ቁጥር ይገኛሉ፤ ለምሳሌ የኪንግስተን ፍላሾች የአምራች ቁጥር 0951 ነው። በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ የሚገቡ ካርዶችም የራሳቸው ምዝገባ አላቸው። እዚያ ኢንቴል የያዘው ቁጥር 8086 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር መጠሪያ።

ከዚህ ሌላ ዕቃው ዓይነቱን የሚገልጽ ቁጥር ይናገራል። ለዓመታት በለመድነው ታርጋ ኮድ 3 ያየ ትራፊክ ባለቤቱን ባያውቅም የንግድ ተሽከርካሪ መሆኑን ያውቃል። በዩኤስቢም 03 ኪቦርድና ማውዝ የሚገኙበት ወገን ነው፣ 08 ፍላሽና መሰል ማከማቻ፣ 07 ፕሪንተር።

ሊኑክስ እነዚህን ቁጥሮች አያይዞ አንድ ሐረግ ይሠራና፣ እያንዳንዱ ነጂ «እነዚህን እችላለሁ» ብሎ ካስመዘገበበት ዝርዝር ጋር ያስተያያል፤ የገጠመውን ይጭናል። ዊንዶውስ ለዚያው ሞዴል የተጻፈ ነጂ ካገኘ እርሱን ያስቀድማል፣ ካጣ ለወገኑ በጠቅላላ ወደተጻፈው ይወርዳል። ማንኛውም ፍላሽ ተሰክቶ ወዲያው የሚከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሪንተር ላይ ግን 07 ብቻውን አይበቃም፤ ፕሪንተር መሆኑን እንጂ ገጹን በምን ቋንቋ እንደሚቀበል አይናገርም። ልጁን ያስቸገረው ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95 ከመውጣቱ በፊት በግል ኮምፒዩተሮች ላይ ይህን ማስማማት በአብዛኛው የሰው ሥራ ነበር፤ ባለሙያው ካርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ መጋጠሚያዎች በእጁ እያቀያየረ ሁለት ካርዶች እንዳይጋጩ ይጠነቀቅ ነበር።

ታርጋው ግን ዕቃው ስለ ራሱ የሚናገረው ነው፤ ሊዋሽም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ቺፕ አምራች ያሰራጨው የዊንዶውስ ነጂ፣ የኩባንያውን ቁጥር ለጥፈው የሚሸጡ አስመሳይ ቺፖችን ሲያገኝ የምርት ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ይለውጠው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚያውቃቸው ነጂ ጠፋ፤ አስመሳይ መሆኑን ሳያውቁ የገዙ ሰዎች ዕቃ ሥራ አቆመ። ቅጣቱ አጭበርባሪውን ትቶ ገዢው ላይ ስላረፈ ትክክል ነበር ብዬ አላምንም። ርካሽ ዕቃ በሚገዛበት እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ጉዳቱ ይከብዳል።

ነጂውም ይመረመራል። ብዙዎቹ ነጂዎች የሚሠሩት በስርዓቱ እምብርት ውስጥ ስለሆነ አንዱ ቢሳሳት ኮምፒዩተሩ እንዳለ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ እዚያ የሚገባ ነጂ ዲጂታል ፊርማ እንዲኖረው ይጠይቃል። ለዚህ አዲስ ቃል መፈለግ አያሻም፤ መንጃ ፈቃድ ነው።

የሚገጥም ነጂ ሲታጣ በዊንዶውስ የመሣሪያዎች ዝርዝር ላይ ቢጫ ምልክት ይወጣል። ዕቃውን እዚያው ከፍቶ ዝርዝር መረጃውን ያየ ሰው ቁጥሮቹን ያገኛቸዋል፤ በእነርሱ ትክክለኛውን ነጂ መፈለግ ይቻላል። ችግሩ የኔትወርክ ካርዱ ራሱ ነጂ ሲያጣ ነው፤ ነጂው ያለው ኢንተርኔት ላይ፣ ኢንተርኔቱ የሚገኘው በነጂው።

በዚያ ጠዋት ኮፒ ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ልጁ ከመሳቢያው ነጂዎች ያጠራቀመበትን ፍላሽ አወጣና ሰካው፤ 08 ነውና ኮምፒዩተሩ ሳይጠይቅ ከፈተው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የእናታችን ወረቀት እየሞቀ ወጣ።