አውሬዎቹ መድረክ ላይ በወጡ ጊዜ
ከድሬዳዋ ሐዲድ እስከ «ፋቡላ»፤ ስለ ልጆች ተረትና ስለ ቴአትራችን አጀማመር

አንድ የወጣቶች የቴአትር ክበብ የታወቀ የልጆች ተረት ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ በአዋቂ ተመልካቾች ፊት ላይ የሚነበበው ፈገግታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ይህማ የልጆች ጨዋታ ነው» የሚል ፈገግታ። መምህሩም ቢሆን ተረቱን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ የማያስቸግር መስሎ ስለሚታየው ነው። አንበሳና ቀበሮ፣ ተኩላና ጠቦት ማንን ያስቀይማሉ? ይሁን እንጂ የሀገራችንን የዘመናዊ ቴአትር ታሪክ ከመነሻው የሚመረምር ሰው ይህ ፈገግታ ያለ ቦታው መሆኑን ይረዳል። የአማርኛ ቴአትር በሩን የከፈተው በአውሬዎች ተረት ነውና። በሩ የተዘጋውም በዚያው ተረት ምክንያት ነው።

የታሪኩን ጅማሬ ለማየት አዲስ አበባ ከመድረሳችን በፊት ድሬዳዋ ላይ መቆም ይገባናል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሐረር ተራሮች ግርጌ በደረሰ ጊዜ ሐዲዱን ወደ ከፍታው ማውጣት አስቸጋሪ ሆኖ ስለ ተገኘ በደጋው ላይ ላለችው ለጥንታዊቷ ሐረር የታሰበው ጣቢያ ቆላው ላይ ቀረ። ድሬዳዋ የተወለደችው ከዚህ ነው። ከደቻቱ አሸዋ ወዲህ በከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የባቡር ጣቢያውና የጥገና ፋብሪካው ተሠሩ፤ ከደቻቱ ወዲያ በመጋላ የግመል ነጋዴውና የሀገሩ ሰው ገበያ ደራ። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ዐረብኛ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች ቋንቋ በአንድ ገበያ ተሰማ። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበረና ፈረንሳይኛን መማር በዚህች ከተማ እንጀራ የሚያስገኝ ጥበብ ሆነ።

ከፈረንሳይኛ ትምህርት ጋር ዣን ደ ላ ፎንቴን አብሮ ይመጣል። ይህ ባለ ቅኔ የመጀመሪያውን የእንስሳት ተረቶቹን ስብስብ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1668 ሲሆን መታሰቢያነቱን የሰጠው ገና ሰባት ዓመት ላልሞላው ለንጉሡ ለሉዊ 14ኛ አልጋ ወራሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይኛ የተማረ ልጅ ሁሉ ቁራንና ቀበሮን፣ ተኩላንና ጠቦትን በቃሉ ሳያጠና አያልፍም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በሐዲዱ ላይ የመጣው ጨርቅና ብረት ብቻ አልነበረም፤ ተረትም መጥቷል።

ለኢትዮጵያ መድረክ እነዚህን አውሬዎች ያበቁት ሰውም የዚሁ አካባቢ ልጅ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ የተወለዱት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ገና በልጅነታቸው ሐረር ገብተው በራስ መኰንን ቤት አድገዋል። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመተው ሠራዊት ጋር ተጉዘው ጦርነቱን በልጅ ዓይናቸው አዩ። ወዲያውም ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተላኩ። በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ገና ከተማ አልነበረችም፤ ከሐረር ወደ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ በረሃውን የሚያቋርጠው በግመልና በበቅሎ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ተምረው ሲመለሱ ግን የባቡሩ ጩኸት ከቆላው ተሰምቶ ነበር። በኋላም የጅጅጋና የጨርጨር ገዢ ሆነው በሠሩባቸው ዘመናት፣ አሰበ ተፈሪንም በቆረቆሩ ጊዜ፣ ለእነዚያ አውራጃዎች የዓለም በር የነበረችው ድሬዳዋ ናት።

ወጣቱ በሩሲያ የተማሩት የመድፈኝነትን ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ያደጉባት ሀገር ከላ ፎንቴን የተማረና ከእርሱም ጋር የሚፎካከር የተረት ባለ ቅኔ ነበራት፤ ይኸውም ኢቫን ክሪሎቭ ነው። በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በሚገኘው የበጋ አትክልት ስፍራ የቆመው የክሪሎቭ ሐውልት ከእግሩ ሥር በዙሪያው የተረቶቹ እንስሳት ተቀርጸውበታል። ተረት የልጅ ማባበያ ብቻ ሳይሆን ለሐውልት የሚያበቃ የአዋቂ ሥራ መሆኑን ሀገሩ በነሐስ መስክሯል ማለት ነው። በጅሮንዱ ለተውኔታቸው የሰጡት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የሚለው ርእስ ራሱ፣ በተለይ «ኮመዲያ» የሚለው አነጋገር፣ የሩሲያን ድምፅ ያስታውሳል። የታሪኮቹ ምንጭ ግን የላ ፎንቴን ተረቶች መሆናቸው የታወቀ ነው።

ተውኔቱ እንዴት እንደ ተጻፈ የሚተረከው ታሪክ ለሙያችን ብዙ ያስተምራል። በጅሮንዱ ቴአትር ይታያል ተብለው በተጠሩበት ቦታ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው። በሩሲያና በምዕራብ አውሮፓ እውነተኛውን ቴአትር ያዩ ሰው ስለ ነበሩ ቴአትር ማለት ታሪክ፣ ንግግርና ትርጉም ያለው ሥራ መሆኑን ለማሳየት ራሳቸው ብዕር አነሡ። በአማርኛ የቴአትር ታሪክ ጽሑፎች ዘንድ በብዛት የሚጠቀሰው ዘመን 1913 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዘመኑን ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም የሚያደርጉትም አሉ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ቴራስ ሆቴል ነው። ተመልካቾቹ መኳንንትና መሳፍንት ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በፈረንሳይ ሀገር ሕፃናት በቃላቸው የሚወጡት ተረት በአዲስ አበባ መኳንንት ፊት ሲቀርብ ስለ ምን አስደነገጠ? መልሱ በከፊል በጸሐፊው ዓላማ ላይ ነው፤ በጅሮንዱ በአውሬዎቹ አማካይነት የዘመኑን የአስተዳደር ብልሽት፣ የሹማምንቱን ስንፍናና ጉቦኝነት ሊነቅፉ ፈልገዋል። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው መልስ ያለው ከተመልካቹ ዘንድ ነው። የዚያን ዘመን መኰንን ፊደል ባይጽፍ እንኳ ቅኔ ሰምቶ ያደገ ነው። ሰምና ወርቅ የሚሉት ትምህርት ቃልን በላይኛው ትርጉሙ ብቻ መቀበልን ይከለክላል፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይፈለጋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ተኩላ በጠቦት ላይ ሰበብ ሲፈልግ አሳይቶ «ይህ ስለ ተኩላ ነው» ማለት ከቶ አይቻልም። ምሳሌያዊ ንግግር በችሎትና በሸንጎ የሚሠራበት ሀገር ነውና ተመልካቹ ገና አውሬው አፉን ሲከፍት ወርቁን መፈለግ ጀመረ፤ ያገኘውም ራሱን ነው።

ከዚህም በላይ ተረት በቤት ሲነገርና በመድረክ ሲታይ ልዩነት አለው። በምድጃ ዙሪያ አያት የምትነግረው ተረት በልጁ ሐሳብ ውስጥ ይቀራል፤ አንበሳው ማንን እንደሚመስል እያንዳንዱ በልቡ ይወስናል። በመድረክ ላይ ግን አንበሳው የሰው ቁመት፣ የሰው ድምፅና የሰው አረማመድ አለው። አዳራሽ የሞላ ሰው በአንድ ጊዜ ይስቃል። አንድ ሰው ለብቻው በልቡ የሳቀበት ነገር ሐሜት እንኳ አይባልም፤ መቶ ሰው አብሮ የሳቀበት ነገር ግን ፍርድ ይሆናል።

ውጤቱ የታወቀ ነው። በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ተውኔቱ ታገደ፤ ቅጂዎቹም እንዲሰበሰቡ ተደረገ። እገዳው በአንድ ሥራ ላይ ብቻ ሳይወሰን በአደባባይ ቴአትር ላይ በጠቅላላው ወደቀና እስከ ንግሥቲቱ ዘመን ፍጻሜ፣ ማለትም እስከ 1922 ዓ.ም. ዘለቀ። ጽሑፉ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ደራሲውም በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት በማርቀቅ፣ ቀጥሎም በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ሀገራቸው በመከራከር ታሪክ የማይዘነጋው ሥራ ሠርተዋል። ሆኖም ሁለተኛ ተውኔት ከብዕራቸው አላገኘንም። የእገዳውን ዋጋ የምንመዝነው እንግዲህ በጠፋው ወረቀት ሳይሆን ሳይጻፍ በቀረው ነው።

ቴአትር እንደገና ሲመለስ የተመለሰው በልጆችና በወጣቶች እጅ መሆኑን ልብ ልንል ይገባል። ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ወዲህ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው የመሳሰሉት ደራስያን ተውኔቶቻቸውን መድረክ ላይ ያወጡት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች አማካይነት ነበር። የሴቶቹን ቦታ ሳይቀር ወንዶች ልጆች ይጫወቱት ነበር። ሙያ የሚባል ተዋናይነት ገና ባልተፈጠረበት ዘመን የክፍሉ ጓዳ የልብስ መቀየሪያ፣ መምህሩም አዘጋጅ ሆነ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲመሠረት፣ ከዚያም በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ትልቁ አዳራሽ ሲከፈት፣ ያ የተማሪዎች ልምምድ መሠረት ሆኖ አገልግሏል።

ከዚያ ትውልድ ተዋንያን አንዱ፣ በወጣትነቱ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይጫወት የነበረው ተስፋዬ ሣህሉ፣ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ተረት ወደ አዲሱ መስኮት አመጣ። አባባ ተስፋዬ እየተባለ ከአርባ ዓመት በላይ ለሕፃናት ተረት ነግሮ በ2009 ዓ.ም. ዐረፈ። ከ«ፋቡላ» እስከ አባባ ተስፋዬ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ አውሬዎቹ ግን እነዚያው ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለመምህራንና ለወጣት ክበቦች አማካሪዎች የሚተርፈን ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ተረት ቀላል ጽሑፍ ነው ብለን ለልጆች ስንሰጥ የምንሰጠው ነገር ክብደት እንዳለው እንወቅ። ላ ፎንቴን ራሱ ለአካዳሚው ሲመረጥ ንጉሡ ሹመቱን ወዲያው አላጸደቀለትም፤ እስከ ተከታዩ ዓመት አዘገየበት እንጂ። ተረቱ ለአልጋ ወራሹ መታሰቢያ ሆኖ መጻፉ የደራሲውን መንገድ አላቀናለትም። ሁለተኛ፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ ለአንድ የወጣቶች ክበብ ከእንስሳት ተረት የተሻለ የጋራ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። የሶማሌው ልጅ ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ከአያቱ የሰማው አለ፤ የኦሮሞውም፣ የሐረሪውም፣ የአማራውም እንዲሁ። አንዱ የጀመረውን ሌላው በቋንቋው ይጨርሰዋል።

ሦስተኛውና ዋናው ግን የመጨረሻው ትዕይንት ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መምህሩ ልምምዱን እየተከታተለ ተኩላው ጠቦቱን በሚበላበት ቦታ ላይ ይከብደዋል። «ልጆች ናቸው፣ እናሳምረው፤ ተኩላው ይጸጸት፣ ጠቦቱም ያምልጥ» ይላል። እኔም በዘመኔ ይህን ምክር ሰጥቼ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስሕተቴ ይታየኛል። በእነዚህ ተረቶች ውስጥ ተኩላው ሁልጊዜ ሰበብ ያገኛል፤ ሰበቡ ሁሉ ሐሰት መሆኑን የሚያየው ደግሞ ተመልካቹ ነው። ጠቦቱን ካዳንነው ሰበቡን ማንም አይመረምርም። ልጁ ከአዳራሹ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ቅሬታ፣ «ጠቦቱ ምን አጠፋ?» የሚለው ጥያቄ፣ የተረቱ ሀብት እርሱ ነው።

በ1913 ዓ.ም. መኳንንቱ ያንን ጥያቄ ሰምተው መድረኩን ዘጉት። በዘጠኝ ዓመትም ጥያቄው አላረጀም፤ መድረኩ ሲከፈት ልጆች ይዘውት ወጡ። እኛ ደግሞ ማንም ሳያዝዘን፣ ለልጆቹ በማሰብ ስም፣ ራሳችን እንዳንዘጋው መጠንቀቅ አለብን። መጋረጃው እስኪወርድ ድረስ ተረቱን እንዳለ ይጫወቱት።