ስለ ኢዮስያስና ስለ ልጁ ስለ ኢዮአቄም፤ የእግዚአብሔርን ቃል እንዴት እንደ ሰሙ

ንጉሡ ኢዮስያስ በነገሠ በ18ኛው ዓመት፥ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ622 ዓመት ግድም፥ የቤተ መቅደሱ ፍራሽ ይጠገን ዘንድ ጸሐፊውን ሳፋንን ወደ ሊቀ ካህናቱ ወደ ኬልቅያስ ላከው። ሠራተኞቹ በታማኝነት የሚሠሩ ነበሩና ስለ ተሰጣቸው ገንዘብ ሒሳብ የሚጠይቃቸው አልነበረም። በዚያም ወራት ኬልቅያስ የሕጉን መጽሐፍ በቤተ መቅደስ አግኝቶ ለሳፋን ሰጠው። ሳፋን ወደ ንጉሡ ተመልሶ አስቀድሞ የተናገረው የገንዘቡን ነገር ነው፤ የመጽሐፉን ነገር ያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። የቤተ መንግሥትን ልማድ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ንጉሡ ግን ቃሉን በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀደደ፥ አለቀሰም። በ8 ዓመቱ ነግሦ ነበርና ዕድሜው ያን ጊዜ 26 ዓመት ነው። ኬልቅያስንና ሳፋንን፥ ከእነርሱም ጋር ሌሎች ሦስት ሰዎችን ወደ ነቢይቱ ወደ ሕልዳና ላከ። ሊቀ ካህናቱም ሄዶ ሴት ነቢይትን መጠየቅን እንደ ውርደት አልቈጠረውም። እርስዋም ጥፋቱ በከተማይቱ ላይ መምጣቱ እንደማይቀር፥ ንጉሡ ግን ራሱን ስላዋረደ በዐይኑ እንደማያየው ነገረቻቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊል ይገባዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ፍርዱ ካልተመለሰ ስለ ምን እደክማለሁ፥ ለዘመኔስ ሰላም ተሰጥቶኛል ብሎ በተቀመጠ ነበር። ኢዮስያስ ግን ታናሹንም ታላቁንም ሰብስቦ መጽሐፉን አሰማቸው፤ ቃል ኪዳን አደረገ፤ የጣዖቱን ዕቃ ከቤተ መቅደስ አውጥቶ አቃጠለ፤ ፋሲካውንም እንደ ተጻፈው አስደረገ። ዋጋ ለመቀበል ብቻ የሚታዘዝ ሰው ይህን አያደርግም።

ኢዮስያስ በ609 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጊዶ ሞተ። ከጥቂት ወራት በኋላም የግብጽ ንጉሥ ልጁን ኢዮአቄምን አነገሠው።

በዚህ ንጉሥ በ5ኛው ዓመት፥ በ9ኛው ወር፥ የኤርምያስ ትንቢት የተጻፈበት ጥቅልል በፊቱ ተነበበ። ንጉሡም በክረምት ቤት ተቀምጦ እሳት ይሞቅ ነበር። የክረምት ቤት ሲል የእኛ ሰው የሐምሌን ዝናም እንዳያስብ፤ ያ ወር ከኅዳርና ከታኅሣሥ ጋር የሚገጥም ነው፥ የኢየሩሳሌምም ዝናምና ብርድ በዚያ ወራት ነው። ይሁዲ ሦስት ወይም አራት ዐምድ ባነበበ ቍጥር ንጉሡ በጸሐፊ ካራ እየቈረጠ ወደ እሳቱ ይጥለው ነበር፤ ጥቅልሉም በሙሉ እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ አደረገ። እንግዲህ ኢዮአቄም ቃሉን አልሰማም ማለት አይቻልም። አድራጎቱም አንድም ንቀት ነው፤ አንድም ፍርሃት ነው፥ የማይፈራውን መጽሐፍ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚያጠፋ የለምና።

መኳንንቱ ለብቻቸው ሳሉ ቃሉን ሰምተው ደንግጠው ነበር፤ በንጉሡ ፊት ግን ልብሱን የቀደደ አልተገኘም። ጥቅልሉን እንዳያቃጥል የለመኑት ሦስት ናቸው፤ ኤልናታን፥ ድላያና ገማርያ። ኤልናታን ቀድሞ ነቢዩን ኡርያን ከግብጽ ይዞ አምጥቶ ለሞት ያደረሰ ሰው ነው። ገማርያ ግን የሳፋን ልጅ ነው፤ ጥቅልሉም መጀመሪያ ለሕዝቡ የተነበበው በእርሱ ጓዳ ነበር። ወንድሙ አኪቃምም ኤርምያስን ከሚገድሉት እጅ አድኖታል። ሳፋን ለኢዮስያስ ያነበበው ቃል በልጆቹ ዘንድ ሳይጠፋ ቈይቶ ኖሯል።

ንጉሡ ባሮክንና ኤርምያስን እንዲይዟቸው አዘዘ፥ እግዚአብሔር ግን ሰወራቸው። ባሮክም ሌላ ጥቅልል ወስዶ የተቃጠለውን ቃል ሁሉ ከኤርምያስ አፍ ዳግመኛ ጻፈ፤ ብዙ ቃልም ተጨመረበት።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ዓመት በኢየሩሳሌም፥ የዳዊት ከተማ በሚባለው ስፍራ ሲቈፈር፥ 50 ያህል የጭቃ ማኅተሞች በአንድ ቤት ተገኙ። በአንደኛው ላይ የሳፋን ልጅ የገማርያ ስም ተቀርጿል፤ ብዙ ሊቃውንትም ይህ ያው ገማርያ ነው ይላሉ። ከተማይቱ በ586 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በተቃጠለች ጊዜ ማኅተሞቹ የታተሙባቸው ጽሑፎች ዐመድ ሆኑ፤ ጭቃውን ግን ያው እሳት እንደ ሸክላ አጠነከረው።